የጎንደር ቀጥቃጮችና የብረት ሥራ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደርን ሊጎበኙ የሚመጡ እንግዶችም፣ እዚሁ ተወልደን ያደግን ሰዎችም ስለ ብረት ሥራ ደጋግመን የምንጠይቀው ከነመልሱ እነሆ።

ቀጥቃጭ ማን ነው? ከአንጥረኛና ከበያጅ በምን ይለያል?

ቀጥቃጭ ብረትን በከሰል እሳት አግሎ፣ መስፍ በሚባል ወፍራም ብረት ላይ አስተኝቶ፣ በመዶሻ እየመታ ቅርጽ የሚያስይዝ ባለሙያ ነው። ማረሻ፣ ወገል፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ ዶማ፣ ቢላዋ፣ እናቶቻችን ሰፌድ የሚሰፉበት ወስፌ ሳይቀር ከእጁ ይወጣል። አንጥረኛ የሚባለው በዛሬው አነጋገር በአብዛኛው ወርቅና ብር የሚሠራው ነው፤ በድሮ ጽሑፎች ግን ስሙ ብረት ሠሪውንም ያጠቃልላል።

በያጁ ሌላ ነው። እሱ ላሜራና ቱቦላሬ ቆርጦ በኤሌክትሪክ ያገጣጥማል፤ የግቢ በርና የመስኮት ፍርግርግ ይሠራል። ቀጥቃጭ ግን የብረቱን መልክ ራሱን ይለውጣል፦ ወፍራሙን ያሳሳል፣ አጭሩን ያስረዝማል፣ ደነዙን ስለት ያወጣለታል። ብዙ እንግዶች መንገድ ዳር የብየዳ ብልጭታ አይተው «ቀጥቃጭ አየን» ብለው ይመለሳሉ። አላዩም።

ጎንደር የምትታወቀው በግንቧ ነው። ከብረት ሥራ ጋር ምን አገናኛት?

ግንቡ ራሱ አገናኛት። አጼ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን መናገሻቸው ካደረጉ በኋላ፣ ከልጃቸው ከቀዳማዊ ዮሐንስ እስከ እቴጌ ምንትዋብ ድረስ የነገሡት ብዙዎቹ አዳራሽ፣ ግንብ ወይም ቤተ ክርስቲያን አስገንብተዋል። ድንጋይ ደግሞ በባዶ እጅ አይፈለጥም። መሮው፣ መዶሻው፣ ድንጋይ መሰንጠቂያው ሽብልቅ፣ እንጨት የሚጠርበው መጥረቢያ፣ የበሩ ማጠፊያና ምስማር ሁሉ ከአንድ ቀጥቃጭ ምድጃ ያለፈ ነው። አንድ የድንጋይ ጠራቢ መሮ ምን ያህል ቶሎ እንደሚደነዝዝ ያየ ሰው፣ በግንባታው ዘመን ወናፍ ሲነፋ ውሎ ያድር እንደነበር ለመገመት አይቸገርም።

ከተማ ደግሞ ይበላል። ዙሪያውን ያለው ገበሬ ማረሻ ሳይኖረው ቤተ መንግሥቱም ሠራዊቱም ካህናቱም እንጀራ አያገኙም ነበር። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተመዘገበው ድንጋዩ ነው፤ ድንጋዩን ያስጠረበው ብረት ግን ወይ አልቆ ወይ ቀልጦ ሌላ ዕቃ ሆኗል። አስጎብኚዎቻችን ስለ ብረቱ እምብዛም የማያወሩት፣ በጣት የሚያሳዩት ስለሌላቸው ይመስለኛል።

ቀጥቃጭ ቤት ብገባ ምን አያለሁ?

መጀመሪያ ጨለማ ያያሉ። ጨለማው ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ቀጥቃጭ የብረቱን ሙቀት የሚለካው በቀለሙ ስለሆነ ፀሐይ ከገባበት ዓይኑ ይታለላል። ብረት ከ600 እስከ 700 ዲግሪ ሲደርስ የደም ቅላት ይይዛል፤ ወደ 900 ሲጠጋ ብርቱካን፣ ከ1,000 ሲያልፍ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ነጭ ሆኖ ፍንጣሪ መርጨት ከጀመረ እየተቃጠለ ነው፤ ረዳቱም ይገሠጻል።

ባህላዊው ወናፍ ከሁለት የፍየል ቆዳ ስልቻዎች የተሠራ ነው። የስልቻው አፍ ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች ተሰፍተውበታል። ወናፊው እጁን ሲያነሳ ጣቶቹን ከፍቶ አየር ያስገባል፤ ወደ ታች ሲጫን ጨብጦ ይዘጋዋል። አንዱ እጅ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፤ ነፋሱ ሳይቋረጥ በሸክላ ቱቦ አልፎ ከፍሙ ሥር ይገባል። ቀላል ይመስላል። እኔ ሞክሬ ሁለት ደቂቃ አልቆየሁም፤ እጆቼ አብረው እየወጡ አብረው እየወረዱ እሳቱ ሲያነጥስ ዋለ። አሥራ ሦስት ዓመት የሚሆነው የቤቱ ልጅ ምንም ሳይናገር ከእጄ ተቀበለኝ።

ከዚያ መስፉን ያያሉ። ከእንጨት ግንድ ላይ የተተከለ ወፍራም ብረት ነው፤ አንዳንዱ ጋ የተጣለ የመኪና አካል ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጉጠቱ፣ ትልቁና ትንሹ መዶሻ፣ የውሃ ገንዳው። ዕቃው ይኸው ነው።

ብረቱን ከየት ያመጡታል? ዛሬም ከድንጋይ ያወጡታል?

አያወጡም። በቀድሞው ዘመን የብረት አፈርና ድንጋይ ከከሰል ጋር በሸክላ ምድጃ ተከምሮ፣ ቀኑን ሙሉ በወናፍ እየተነፋ ብረቱ ከቆሻሻው ይለይ ነበር። ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው በ1,538 ዲግሪ ነው፤ እንዲህ ያለ ምድጃ ያን ያህል አይግልም። ስለዚህ የሚገኘው እንደ ውሃ የሚፈስ ሳይሆን እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ትኩስ ጓል ነው። እሱን እየደጋገሙ በማጋልና በመቀጥቀጥ ቆሻሻውን ያስወጡታል። ለጥቂት ኪሎ ብረት የሚፈጀው ከሰል ብዙ ነበር። ከውጭ የሚገባ ብረት ሲበረክት ይህ ሥራ በአገሪቱ እየቀረ ሄደ።

ዛሬ የቀጥቃጭ ማዕድን ማውጫው ጋራዥ ነው። የተወደደው ጥሬ ዕቃ ባሌስትራ ይባላል፤ የጭነት መኪና ከታች ተነባብሮ የሚሸከመው ጠፍጣፋ ብረት። ቃሉ ጣሊያንኛ ነው፤ ፌሮም፣ ላሜራም እንደዚሁ። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ጎንደርን ሲይዙ ይዘውት የመጡት ብረትና መኪና ስም ጥሎልን ሄዷል። ባሌስትራ የሚወደድበት ምክንያት ካርበን ስላለው ነው፤ አግለው ውሃ ሲነክሩት ይጠነክራል። የኮንክሪት ፌሮ ግን ለስላሳ ስለሆነ ስለት አይዝም፤ ለችንካር፣ ለመንጠቆ፣ ለእሳት መቆስቆሻ ይሆናል።

አንድ ማረሻ ማስሳል ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?

ተራ ከሌለ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ባለፈው ሰኔ መግቢያ አንድ ገበሬ ማረሻውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ሲገባ ነበርኩ። «አያ፣ እንደምን ዋላችሁ፤ እግዜር ያበርታችሁ» አለና ከበሩ ጥግ ተቀመጠ። ማረሻው ጫፉ አልቆ እንደ አውራ ጣት ዶልዱሟል። ቀጥቃጩ አገላብጦ አየና «ጭንጫ ነው እንዴ የምታርሰው?» አለ። ፍሙ ውስጥ ቀበረው። ቢጫ ሲሆን በጉጠት አውጥቶ መታው፤ ሁለት ከባድ ምት በብረቱ ላይ፣ አንድ ቀላል ምት በባዶው መስፍ ላይ። ያች ባዶ ምት ለምን እንደሆነች ጠየቅሁት። «ለእጄ ናት፤ ትንፋሽ ትሰጠዋለች፤ እኔም ቀጥሎ የት እንደምመታ አስባለሁ» አለኝ።

ጥቁር ቅርፊት እየረገፈ፣ ብረቱ በየምቱ ጥቂት ጥቂት እየረዘመ ሄደ። አራቴ ወደ እሳቱ ተመለሰ፤ «ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» የሚባለው ለወሬ ማሳመሪያ ብቻ አይደለም፤ ከቀዘቀዘ በኋላ የመታው ሰው ይሰነጥቀዋል። በመጨረሻ ጫፉን ብቻ ውሃ ነክሮ አወጣው። ብረቱን የሚስሉት በማስረዘም ስለሆነ ደጋግሞ የተሳለ ማረሻ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ያኔ ጫፍ ይቀጠልለታል ወይም ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል፤ የአንዱ ዓመት ማረሻ ለከርሞ ዶማ፣ ከዚያም ወስፌ ሆኖ ይኖራል።

መቼ ብመጣ ነው ሥራ የማየው? ክረምቱ ይሻላል ወይስ በጋው?

እንደሚያዩት ዕቃ ይለያያል። ለማረሻ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ ነው፤ ዝናቡ ሊጥል ሲያስገመግም ገበሬው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ጤፍ የሚዘራበት መሬት ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ይታረሳል፤ ማረሻውም በዚያው ልክ ያልቃል። ለማጭድ ደግሞ ጥቅምትና ኅዳር ነው።

ሐምሌና ነሐሴ ከሁሉ ይቀዘቅዛል። ከሰሉ ይረጥባል፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ገበሬው አረም ላይ ነው። ለጥምቀት ጥር 11 የሚመጣ እንግዳ ሥራ በሚላላበት ጊዜ ስለሚደርስ ወረፋ የለበትም፤ ቀጥቃጩም ለማውራት ጊዜ አለው። እኔ የምመርጠው ግን ሰኔን ነው። ግርግሩ ደስ ይላል።

የት ነው የማገኛቸው?

በከተማው ገበያዎች ዙሪያ፣ በተለይ ቅዳሜ ገበያ ላይ፣ የተሠራው ዕቃ መሬት ላይ ተዘርግቶ ይሸጣል። ሻጩን «ማን ሠራው?» ብለው ይጠይቁ፤ ከመንገድ ካርታ ሁሉ ይበልጣል። ብዙዎቹ ቀጥቃጮች ከከተማው ወጣ ባሉ ቀበሌዎችና በገጠር ገበያዎች አጠገብ ይሠራሉ፤ ከመሄድዎ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከአገሬው ሰው ያረጋግጡ።

ወለቃን ብዙ ሰው ይጠይቃል። ከጎንደር በስተሰሜን በደባርቅ መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ያለች፣ የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁዶች) መንደር የነበረች ናት። ዛሬ መንገድ ዳር የሚያዩት በአብዛኛው ሸክላ ነው፦ ትንንሽ ምስሎች፣ አንበሶች፣ ጀበናዎች። የብረት ምድጃ ፍለጋ ብቻ ከሄዱ ቅር ሊልዎት ይችላል፤ ለታሪኩ ከሄዱ ግን ይሂዱ።

ፎቶግራፍ ማንሳት ይቻላል?

አስቀድሞ ሰላምታ፣ ከዚያ ጥያቄ፣ ከዚያ ካሜራ። በሥራ ላይ ያለን ሰው «እግዜር ያበርታዎት» ሳይሉ ሌንስ መደቀን ነውር ነው። ፍላሽ ደግሞ በፍጹም አይሆንም፤ ዓይኑ ከፍሙ ቀለም ላይ ነው፤ ብልጭታው ብረቱን ያበላሽበታል። ማረሻ የሚያስሳል ገበሬ ቆሞ ከሆነ ወረፋውን አይሻሙ።

ቢላዋ ወይም መጥረቢያ መግዛት እፈልጋለሁ። ጥሩውን እንዴት ልወቅ?

በጥፍርዎ ነካ አድርገው ድምፁን ያዳምጡ። በደንብ የተቀጠቀጠና ስንጥቅ የሌለበት ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ደፈን ይላል። ቀጥሎ ሞረድ ይጠይቁ። ሞረዱ ስለቱን ጥቂት ብቻ ነክሶ ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንክሯል፤ በቀላሉ ነክሶ ከበላው ለስላሳ ነው። ፈጽሞ የማይነካ ከሆነም ይጠንቀቁ፤ ከመጠን በላይ የጠነከረ ቢላዋ አጥንት ሲያገኝ እንደ ሸክላ ይሸረፋል።

ለዚህ መፍትሔው ቀጥቃጩ ስለቱን ውሃ ከነከረ በኋላ የሚያደርገው ነገር ነው። ጀርባው ላይ የቀረው ሙቀት ቀስ እያለ ወደ ስለቱ ሲመለስ፣ በተፈተገው ብረት ላይ መጀመሪያ የገለባ ቀለም፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ በመጨረሻም ሰማያዊ ይመጣል። ለቢላዋ ገለባው ላይ፣ ብዙ ለሚመታ መጥረቢያ ወደ ወይን ጠጁ ሲጠጋ መልሶ ይነክረዋል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ነው፤ ቴርሞሜትር የለም። ዋጋ ሲከራከሩ የሚከፍሉት ለብረቱና ለከሰሉ ብቻ እንዳልሆነ ያስታውሱ። እጀታው የወይራ ከሆነ ደግሞ ዕድለኛ ነዎት።

የገዛሁትን ይዤ ከአገር መውጣት እችላለሁ?

አዲስ የተሠራ ቢላዋ፣ ማጭድ ወይም ማረሻ ችግር የለበትም፤ በአውሮፕላን ግን ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንጂ በእጅ አይያዝም። አሮጌ መስቀል፣ ጎራዴ ወይም ጦር ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ቅርስ ያለ ፈቃድ ማስወጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የቅርስ ባለሥልጣኑ ነው። «ጥንታዊ ነው» ብሎ የሚሸጥልዎት ሰው እውነቱን ከሆነ ሕግ ያስጥስዎታል፣ ውሸቱን ከሆነ ገንዘብዎን ይበላል። በሁለቱም ቢሆን አይግዙ።

የጎንደር ዙሪያ ብረት ሠሪዎች ቤተ እስራኤል ነበሩ ይባላል። ለምን እነሱ? ዛሬስ የት ናቸው?

ሁሉም አይደሉም፤ ክርስቲያን ቀጥቃጭም ነበር፣ አለም። ነገር ግን በጎንደርና በሰሜን አካባቢ በብረት፣ በሸክላ፣ በሽመናና በግንበኝነት ስማቸው የገነነው ቤተ እስራኤል ናቸው። ምክንያቱ መሬት ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የነገሡት አጼ ይስሐቅ፣ የክርስትናን ጥምቀት ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ ወሰኑ ተብሎ ይተረካል። ርስት የሌለው ሰው ወይ የሌላውን መሬት ያርሳል ወይ በእጁ ይኖራል። እጅ ደግሞ አይነቀልም፤ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ተላለፈ። ሴቶቹ ሸክላ፣ ወንዶቹ ብረት። ማረሻ የሠሩለት ገበሬ ገንዘብ ሳይሆን በመኸር እህል ይሰፍርላቸው ነበር።

ነገሥታቱ ግንብ ሲያሠሩ እነሱን ፈልገዋቸዋል፤ እዚያው ላይ ግን ለይተዋቸዋል። በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668 የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። በርስት መልክ መሬት የመያዝ ሥርዓት የተሻረው ገና በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ከዚያም ብዙ ሳይቆይ ስደቱ መጣ። በ1977 ዓ.ም. ገደማ በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ሰው በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሄደ። ስንቱ ምድጃ በዚያ ሳምንት እንደጠፋ የቆጠረ የለም። ገበሬው ግን ያውቀዋል፤ ማረሻውን ይዞ የሚሄድበት ርቀት ነግሮታል።

አንድ የአጠራር ነገር፦ «ፈላሻ» የሚለውን ቃል በመንገድ ዳር ሰሌዳ ላይ ሊያነቡት ይችላሉ። ባለቤቶቹ አይወዱትም። ቤተ እስራኤል ይበሉ።

«ጠይብ» ስድብ ነው? ስለ ቡዳ የሚወራውስ?

ቃሉ ስድብ ሆኗል፤ ሥሩ ግን የሚያስቅ ነው። ከግእዙ «ጠቢብ» የመጣ ነው ይባላል፤ ጥበብ ያለው ማለት። ጥበበኛ ብለን ጠርተን በዚያው ቃል ሰደብን።

የቡዳው ወሬ የታወቀ ነው፤ ቀጥቃጭ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ ዓይኑ ይበላል፣ ልጅ ሲያይ ልጁ ይታመማል። እኔም በልጅነቴ ከቀጥቃጭ ቤት ፊት ለፊት ስናልፍ እንድንሮጥ ይነገረን ነበር። ከጨለማ ቤት፣ እሳትን የሚገራ፣ መሬት የሌለው፣ ሃይማኖቱ የተለየ ሰው፤ ፍርሃት የሚፈልገው ሁሉ ተሟልቶለታል። ጉዳቱ ግን ወሬ ብቻ አልነበረም። ጋብቻ ተከልክለዋል፣ ከማኅበር ተገልለዋል፣ መንደር ውስጥ ሰው ሲታመም ተከስሰዋል። ለዚያው ሰው ግን ማረሻችንን፣ ማለትም የዓመቱን እንጀራ አደራ እንሰጠው ነበር።

አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ የሚያዝ አዋጅ አውጥተው ነበር። ብረት ሠሪውን ጠይብ እያሉ መስደብ በስም የተጠቀሰ ጥፋት ነው። መቶ ዓመት ካለፈ በኋላም ይህ ጥያቄ ለእኔ መምጣቱ አዋጁ የቱን ያህል እንደሠራ ይናገራል። ስለዚህ መልሱ፦ አዎን፣ ስድብ ነው፤ ቀልድም አይደለም። ቀጥቃጭ፣ ባለሙያ፣ ወይም በስሙ ይጥሩት። ዕድሜው ከፍ ያለ ከሆነ ጋሼ ወይም አያ ይበሉ።

የአጼ ቴዎድሮስን መድፍ ሴባስቶፖልን የሠሩት የጎንደር ቀጥቃጮች ናቸው?

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ይደባለቃል። አንደኛ፣ የተሠራው ጎንደር ከተማ ሳይሆን በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት ነው፤ ዛሬ ደቡብ ጎንደር የምንለው። ሁለተኛ፣ ብረት አይደለም። ትልቁ መድፍ ከነሐስ የቀለጠ ነው። መቅለጥና መቀጥቀጥ የተለያዩ ሙያዎች ናቸው፤ ነሐስ የሚቀልጠው ከብረት በጣም ባነሰ ሙቀት ስለሆነ በጊዜው በነበረው ምድጃ ማፍሰስ ይቻል ነበር፤ ብረቱን ግን አይቻልም።

ሦስተኛ፣ መሪዎቹ እነ ቴዎፊሎስ ዋልድማየርና ሞሪትዝ ሆልን የመሳሰሉ አውሮፓውያን ነበሩ። አብዛኞቹ ወንጌል ሊሰብኩ መጥተው አጼ ቴዎድሮስ መድፍ እንዲሠሩ አስገደዷቸው። ይሁን እንጂ ከሰሉን ያከሰለ፣ ወናፉን የነፋ፣ ሸክላውን ያቦካ፣ ብረቱን የመታ የአገሬው ሰው ነው። ወደ 7 ቶን የሚጠጋውን መድፍ ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቷል። የመድፉን መንኰራኩር ማን እንደጠገነ፣ መንገድ ሲቀደድ ዶማውን ማን ይስል እንደነበር ስም አልተጻፈም። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ፤ ሴባስቶፖል ዛሬም እዚያው ተራራ ላይ ነው። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለው አምሳያው ነው።

የድሮ ጎራዴዎች ሁሉ እዚህ የተቀጠቀጡ ናቸው?

አይደሉም። በ19ኛው መቶ ዘመን መኳንንቱ ከያዙት ጎራዴ ብዙው ምላጩ ከአውሮፓ የመጣ ነው፤ በተለይ ከጀርመኗ ዞሊንገን። እጀታውና አፎቱ ግን እዚህ ተሠርቷል። የጦር ጫፍና ገጠሬው የሚታጠቀው ካራ የአገር ቤት ሥራ ነው።

ጎንደር የብረት ሥራ በዓል ለምን አይኖራትም? በውጭ አገር አለ አይደል?

አለ፤ ይህን የሚጠይቁኝ በብዛት ከውጭ የሚመለሱ ወገኖች ናቸው። ጃፓን ውስጥ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 8 ቀን ቀጥቃጮች የወናፍ በዓል ያከብራሉ። በጣሊያን ስቲያ በተባለች ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ በበጋቸው ማብቂያ ቀጥቃጮች ይሰበሰባሉ። እኔን የሚያስቀናኝ ግን የቼክ ሪፐብሊኩ ነው። ሄልፍሽቲን የሚባል ትልቅ የድንጋይ ግንብ አላቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በነሐሴ መጨረሻ ከየአገሩ የመጡ ቀጥቃጮች በግንቡ ግቢ ምድጃ ያነድዳሉ፣ ሕዝብ ቆሞ ያያል። ከሥራዎቹ ብዙው እዚያው ግንቡ ውስጥ ይቀመጣል።

ግንብ እኛም አለን። ቀጥቃጭም አለን። ነሐሴ ግን አይሆንም፤ የእነሱ በጋ የእኛ ዶፍ ነው። ብጠየቅ ጥቅምት መጀመሪያ እል ነበር፤ ዝናቡ ቆሞ፣ አደይ አበባው ሳይረግፍ፣ ማጭድ የሚፈለግበት ወቅት ሲጀምር። ምድጃው ከቅርሱ ግድግዳ መራቅ አለበት፤ ጭሱም ከሰሉም ለኖራው አይበጅም። መድረክ ላይ ንግግር የሚያደርጉ ሰዎች ቁጥር ከመስፉ ቁጥር እንዳይበልጥም መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ይህን የምለው የእኛን የመክፈቻ ሥነ ሥርዓቶች ስለማውቅ ነው።

ይህን የሄልፍሽቲን ነገር ማረሻ ሲስል ላየሁት ሽማግሌ ቀጥቃጭ አወራሁለት። ወናፉን አስቆመና ሰማኝ። «ከሰሉን ማን ይችላል?» አለ መጀመሪያ። አዘጋጁ ይችላል አልኩ። ትንሽ ዝም አለና «የሠራሁት ግንብ ውስጥ ከቀረ ስሜን ይጽፉበታል?» አለኝ። ሳልመልስለት ሌላ ገበሬ ማጭድ ይዞ ገባ፤ እሱም ወደ ፍሙ ዞረ።